የመንግሥት ድጎማ አከፋፈል ሲቀየር ጣጣው ማን ላይ ይወድቃል?

መንግሥት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጠውን ድጎማ «ሊያሻሽል ነው» የሚል ዜና ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ገንዘቡ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ጠቅላላው ገንዘብ ሳይነካ አከፋፈሉ ብቻ ተቀይሮ ድርጅት ሊዘጋ ይችላል። ባለሙያ ሥራውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። አንዲት አረጋዊት በየወሩ አዲስ ሰው ቤታቸው እየመጣ ታሪካቸውን ከሀ ጀምረው እንዲነግሩት ሊገደዱ ይችላሉ።

ስለዚህ ከ«ስንት ነው?» ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ «ያልታሰበ ወጪ ሲመጣ ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። ደመወዝ ያድጋል። ኪራይ ይጨምራል። ኑሮ ይወደዳል። ተገልጋዩ በቀጠሮው ቀን ይቀራል። ይህ ሁሉ ወጪ ከሆነ ሰው ኪስ መውጣቱ አይቀርም። የድጎማ ማሻሻያ የሚባለው ነገር ስሙ ቢለያይም ዞሮ ዞሮ የሚያደርገው ይህን ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት ወደ ድርጅቱ፣ ከዚያም ከድርጅቱ ወደ ሠራተኛው ይወርዳል።

እዚህ የምናወራው ስለ የትኞቹ ድርጅቶች እንደሆነ አስቀድመን እንግባባ። አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ችግር ውስጥ ያሉ ሕፃናትን፣ ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎችን የሚረዱ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው። ስማቸው «በጎ አድራጎት» ቢሆንም ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው የተማሩና ደመወዝ የሚከፈላቸው ማኅበራዊ ሠራተኞች ናቸው። በብዙ አገሮች ደግሞ የድርጅቶቹ ትልቁ የገቢ ምንጭ ምጽዋት ወይም መዋጮ ሳይሆን የመንግሥት ካዝና ነው። መንግሥት ራሱ መሥራት የሚገባውን ሥራ በእነሱ በኩል ያሠራል ማለት ይቻላል። ለሰው ይቀርባሉ፣ ይታመናሉ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ይረክሳሉ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ እንዴት ነበር?

የቀድሞው አሠራር ቀላል ነው። ድርጅቱ ያወጣውን ወጪ መንግሥት ይተካል። ስንት ሠራተኛ እንደሚቀጠር፣ በምን የትምህርት ደረጃና በስንት እርከን እንደሚቀጠር የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛው በየዓመቱ እርከን ሲጨመርለት ጭማሪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ባለሙያ ከጀማሪ ይልቅ ብዙ ብታስወጣም ድርጅቱን አይጎዳውም።

ለሠራተኛው ይህ ምቹ ነበር። ለአለቃውም ራስ ምታት አልነበረውም። ለአገልግሎቱ ግን ጣጣ ነበረው። የአካባቢው ሕፃናት አድገው ሰፈሩ በአረጋውያን ቢሞላ እንኳ የሕፃናት ማዕከሉን ሠራተኛ ወደ አረጋውያን ለማዛወር ደብዳቤ ተጽፎ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ወራት ተጠብቆ ነው። ከበጀት የተረፈው ደግሞ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ቆጥቦ የሠራ ድርጅት የሚያገኘው ምንም ነገር የለም። እንዲያውም የሚቀጥለው ዓመት በጀቱ እንዳይቀነስ ሲል ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የማያስፈልግ ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ለውጥ ያስፈልጋል ያሉት ሰዎች ዝም ብለው አልተነሱም። ምክንያት ነበራቸው።

የሆንግ ኮንግ ጥቅል ድጎማ

ነገሩን በደንብ ለማየት ከሆንግ ኮንግ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዚያች ከተማ አብዛኛውን ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጡት መንግሥት የሚደጉማቸው ድርጅቶች ናቸው። እስከ 2000 ድረስ ከላይ ባልነው ዓይነት ወጪን በሚተካ አሠራር ነበር የሚሄዱት። ከጥር 2001 ጀምሮ ግን የማኅበራዊ ደኅንነት መምሪያው «ጥቅል ድጎማ» የሚባለውን አሠራር አመጣ። ጊዜው የእስያ የገንዘብ ቀውስ ካለፈ ብዙም ያልራቀበት፣ መንግሥትም ወጪ ለመቆጣጠር የሚጨነቅበት ነበር።

ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። መንግሥት ለድርጅቱ በዓመት አንድ ጥቅል ገንዘብ ይሰጣል። ስንት ሰው እንደሚቀጥር፣ ስንት እንደሚከፍል፣ እንዴት እንደሚያደራጅ ድርጅቱ ራሱ ይወስናል። ከተረፈው አይመለስም፤ የዓመት ወጪውን 25 በመቶ እስኪደርስ ድረስ በመጠባበቂያ ማስቀመጥ ይችላል። ቁጥጥሩ በወጪ ላይ መሆኑ ቀርቶ በውጤት ላይ ይሆናል። የስንት ሰው ጉዳይ ታየ? አገልግሎቱስ ጥራቱን ጠብቋል?

ጣጣው ያለው ጥቅሉ በተሰላበት ቀመር ውስጥ ነው። ጥቅሉ ሲሰላ እያንዳንዱ የሥራ መደብ በመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ እርከን መካከለኛ ነጥብ ላይ እንዳለ ተቆጠረ። ልብ በሉ፣ መካከለኛው ላይ ነው። መነሻውም ጣሪያውም አይደለም።

በቁጥር እንየው። አንድ ድርጅት 10 ማኅበራዊ ሠራተኞች አሉት እንበል። የደመወዝ እርከኑ መነሻ 100፣ ጣሪያው 200 ነው። መካከለኛው 150 ይሆናል። መንግሥት ለ10 ሰው 1,500 ይሰጣል። ሠራተኞቹ ገና ወጣቶች ከሆኑና በአማካይ 130 የሚከፈላቸው ከሆነ ድርጅቱ 200 ይተርፈዋል። እሰይ ነው! ግን ሰዎቹ ይቆያሉ፣ ሥራውን ይለምዳሉ፣ በየዓመቱ እርከን ይጨመርላቸዋል። ከዓመታት በኋላ አማካዩ 175 ሲደርስ ድርጅቱ የሚያስፈልገው 1,750 ነው። የሚገባው ግን ያው 1,500 ነው። 250 ጎደለ። ይህ ማለት ከአንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ደመወዝ በላይ ነው።

አሁን ራሳችሁን በሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ያላችሁ ምርጫ ጥቂት ነው። አንዷ ነባር ሠራተኛ ስትለቅ በጀማሪ መተካት። አዲስ የሚገባውን በቋሚነት ሳይሆን በአንድ ዓመት ኮንትራት መቅጠር። ከመንግሥት እርከን የተለየ፣ ዝቅ ያለ የራስን የደመወዝ ስኬል ማውጣት። ወይም በ10 ሰው የሚሠራውን በ9 መሥራት። ማንም ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ቀመሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። ልምድ በሌላው ሥራ ሁሉ ሀብት ነው። እዚህ ግን በሂሳብ መዝገቡ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሆነውም በብዛት ይኸው ነበር። አሠራሩ ሲጀመር፣ በሚያዝያ 1 ቀን 2000 በመደቡ ላይ የነበሩ ሠራተኞች የቀድሞ ጥቅማቸው እንዲጠበቅ ቃል ተገባላቸው። ለዚህም የመሸጋገሪያ ገንዘብ ለጥቂት ዓመታት ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ለገቡት ግን ያ ቃል አልነበረም። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ዓይነት ኬዝ የያዙ ሁለት ሰዎች ደመወዛቸውም የሥራ ዋስትናቸውም ተለያየ። ልዩነቱን የፈጠረው የቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ ያለው ቀን ብቻ ነው። የዚህን ዓይነት ቢሮ ድባብ መገመት አያቅትም።

ሌላም ነገር አለ። መጠባበቂያው ሲከማች ሠራተኛው ያያል። «ገንዘብ የለም እየተባልኩ ደመወዜ በመካከለኛው ነጥብ እንኳ ሳይደርስ ድርጅቱ በባንክ ያስቀምጣል» የሚል ቅሬታ መጣ። ሥራ አስኪያጆቹ ደግሞ የራሳቸው መልስ ነበራቸው። ነገ ነባሮቹ ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ከየት አምጥተን እንክፈል? ዛሬ ካልቆጠብን ነገ ሰው እናባርራለን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ የዛሬውን ሸክም፣ ሌላው የነገውን ስጋት ይዞ ይከራከራል። ሸክሙን ያወረደው ሦስተኛው ወገን ግን በክርክሩ ውስጥ የለም።

በ2007 መጨረሻ ማኅበራዊ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ሥራ ማቆም ለማይወድ ሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥት በ2008 ገለልተኛ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በዚያው ዓመት መጨረሻ 36 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። አሠራሩ ይቅር አላለም፤ ይስተካከል አለ። ከምክሮቹ የተነሳ ለሥልጠናና ለድርጅቶች አቅም ግንባታ የሚውል የ1 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ፈንድ ተቋቋመ። በ2021 ደግሞ ሌላ የግምገማ ሪፖርት ወጣ። የጥቅል ድጎማው መሠረት ግን እስካሁን አለ።

ይህ አሠራር በጀት ሲቀነስ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከ2025 ወዲህ እየታየ ነው። የሆንግ ኮንግ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለመሙላት ለተከታታይ ሦስት ዓመታት መደበኛ ወጪውን በየዓመቱ 2 በመቶ ለመቀነስ ወሰነ። ለዜጎች በቀጥታ የሚከፈለው የድጋፍ ገንዘብ አይነካም ተባለ። የሚደጎሙት ድርጅቶች ግን ቅነሳው ይደርሳቸዋል። 2 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የአንድ ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ወጪ ትልቁ ክፍል ደመወዝ ነው። ኪራዩን መቀነስ አይችል፣ መብራቱን ማጥፋት አይችል። ስለዚህ ቅነሳው የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። መንግሥት ደግሞ «ማን እንደሚቀነስ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ድርጅቱ ነፃነት አለው» ማለት ይችላል። በጥቅል ድጎማ ውስጥ ነፃነትና ወቀሳ አብረው ነው የሚመጡት።

እኔ በግሌ ጥቅል ድጎማ በራሱ ክፉ ነው ብዬ አላምንም። ወደ ቀድሞው ደብዳቤና ፈቃድ መመለስ የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ነፃነቱ ከተሰጠ በኋላ ቀመሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ መቅረቱ ነው።

ሳይቀነስ የሚቀንስ ገንዘብ

ቀመር ደርቆ ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት አሜሪካ ትበቃለች። በ1996 የድሀ ቤተሰቦች ድጋፍ ሲሻሻል የፌዴራል መንግሥቱ ለግዛቶች በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጥቅል ድጎማ መደበ። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከዋጋ ንረት ጋር አላደገም። ማንም «ቀነስኩ» ብሎ አላወጀም። ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የተሰጠበት ትልቅ ቅነሳም የለም። የገንዘቡ የመግዛት አቅም ግን ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል። ለፖለቲከኛ ከዚህ የተመቸ ቅነሳ የለም፤ ፊርማ አይፈልግም።

ጨረታ የገባበት በጎ አድራጎት

ሌላው መንገድ ውል ነው። መንግሥት ድጎማ መስጠቱን ትቶ አገልግሎት «ይገዛል»። ዝርዝር ያወጣል፣ ድርጅቶች ይወዳደራሉ፣ ያሸነፈው ይፈርማል።

ብሪታንያ ወደዚህ የገባችው በ1990 በወጣው የጤና አገልግሎትና የማኅበረሰብ እንክብካቤ ሕግ ነው። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በ1993 ነው። ለአካባቢ አስተዳደሮች ከተሰጠው ልዩ የመሸጋገሪያ ገንዘብ 85 በመቶው ከመንግሥት ውጭ ባሉ አቅራቢዎች ላይ መዋል ነበረበት። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከግል ኩባንያዎች ጋር አንድ ገበያ ላይ ቆሙ።

ጨረታ በጎ ጎን የለውም ማለት አይቻልም። ድሮ በዝምድና ወይም በልማድ ገንዘብ ሲያገኝ የኖረን ሰነፍ ድርጅት ያነቃል። ግን የጨረታ ሥራ ራሱ ሥራ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ፕሮፖዛል ብቻ የሚጽፉ ሠራተኞች ይቀጥራሉ። አምስት ሰው ያላት ትንሽ ድርጅት ጋ ፕሮፖዛሉን የምትጽፈው ያቺው ቀን ቀን ቤተሰብ ስትጎበኝ የዋለችው ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ማታ ማታ።

ከዚያ ዋጋው አለ። በዋጋ የሚወዳደር ጨረታ ውስጥ መቀነስ የሚቻለው ወጪ የሰው ጊዜ ነው። በብሪታንያ የቤት ለቤት እንክብካቤ ላይ የታየው «የ15 ደቂቃ ጉብኝት» የዚህ ልጅ ነው። እስቲ አስቡት። በሩ ተንኳኳ። አረጋዊው ተነስተው እስኪከፍቱ ጊዜ ይሄዳል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማየት፣ ቁርስ ማቅረብ፣ ቅጹን መሙላት። «እንዴት አደሩ? ልጅዎ ደወለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚገባበት ቦታ የለም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚኬድበት መንገድ ደግሞ ለብዙዎቹ ሠራተኞች አይከፈልም ነበር። ነገሩ አሳፋሪ ሲሆን በ2015 የአገሪቱ የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ የሚባለው፣ ጉብኝት ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ከግማሽ ሰዓት ማነስ የለበትም አለ። መመሪያው ግን ዋጋውን አልጨመረም።

ውል ደግሞ ማብቂያ ቀን አለው። የሦስት ዓመት ውል ተፈረመ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት በቅጥርና በመደራጀት ያልቃል። ሁለተኛው ዓመት ሥራ ነው። ሦስተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ «ውሉ ይታደስ ይሆን?» የሚል ወሬ ይጀምራል። ብልጥ የሆነ ሰው ከማብቂያው ስድስት ወር በፊት ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ምን ያድርግ? ስለዚህ በወረቀት ላይ ሦስት ዓመት የነበረው አገልግሎት በተግባር ያነሰ ይሆናል። ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር የሚፈጠር መተማመን ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነው። በተለይ ከልጅ ጋር። ልጁ ሦስተኛዋ ባለሙያ ስትመጣ ማውራት ያቆማል፤ አይፈረድበትም።

ስለ አስተዳደራዊ ወጪም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለጋሽም መንግሥትም ገንዘቡ «በቀጥታ ለተጎጂው» እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለሂሳብ ሹሙ፣ ለኮምፒውተሩ፣ ለኦዲቱ፣ ለኃላፊዋ ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ አይሰጡም ወይም በጣም ጥቂት ይሰጣሉ። ከዚያ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ሃያ ገጽ ሪፖርት ይጠይቃሉ። ሪፖርቱን ማን ይጻፈው? አሜሪካ ይህን ችግር በ2014 መጨረሻ በከፊል አየችው። ከመንግሥት ጋር የተደራደሩበት የራሳቸው የአስተዳደር ወጪ ምጣኔ የሌላቸው ድርጅቶች በቀጥታ ወጪያቸው ላይ 10 በመቶ እንዲጠይቁ የፌዴራል ደንብ ፈቀደ። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ምጣኔው ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። አሰልቺ የሂሳብ ደንብ ይመስላል። ለትንሽ ድርጅት ግን ሂሳብ ሹም መቅጠር ወይም አለመቅጠር ማለት ነው።

«ውጤት አምጣና ልክፈልህ»

ሦስተኛው ዓይነት በውጤት መክፈል ነው። ሰው ሥራ አስይዘህ፣ ከእስር የወጣ ሰው ተመልሶ ወንጀል እንዳይሠራ አድርገህ፣ ከዚያ ና። መጀመሪያ ሲሰሙት ማን ይቃወመዋል? የሕዝብ ገንዘብ ለወሬ ሳይሆን ለውጤት መዋል አለበት።

ብሪታንያ በሰኔ 2011 «ወርክ ፕሮግራም» የተባለውን ሥራ አጦችን ሥራ የማስያዝ ፕሮግራም ጀመረች። መንግሥት 18 ዋና ኮንትራክተሮችን መረጠ። አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ትናንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በእነሱ ሥር ንዑስ ኮንትራክተር ሆኑ። አብዛኛው ክፍያ የሚመጣው ሰውዬው ሥራ ይዞ ወራት ሲቆይ ነው። እስከዚያ ያለውን ደመወዝና ኪራይ ድርጅቱ ከራሱ ይከፍላል። ኩባንያ ከባንክ ይበደራል፤ በጎ አድራጎት ምን አስይዞ ይበደር? ጥቂቶቹ ድርጅቶች ስማቸው በጨረታ ሰነድ ላይ ለማሳመሪያ ገብቶ ከዚያ አንድም ሰው እንዳልተላከላቸው ተናግረዋል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ዓይነቱን ድርጅት «የጨረታ ከረሜላ» ብለው ጠሩት።

የባሰው ነገር ተገልጋዩ ላይ የደረሰው ነው። ክፍያህ በውጤት ከሆነ ትንሽ ተገፍቶ ሥራ የሚይዘውን ወጣት ትመርጣለህ። የአእምሮ ሕመም ያለባትን፣ ቤት የሌላትን፣ ለአሥር ዓመት ሥራ ያልያዘችውን ሴት ቀጠሮ እየሰጠህ ታቆያታለህ። መንግሥት ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ለከባዶቹ ጉዳዮች ከፍ ያለ ክፍያ አስቀመጠ፤ በጣም አስቸጋሪ ለተባለው ምድብ ከ13,000 ፓውንድ በላይ ሊደርስ ይችል ነበር። ግን ላይመጣ የሚችል ትልቅ ክፍያ እርግጠኛ ከሆነ ትንሽ ክፍያ ጋር ሲወዳደር ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ከባዶቹ ሰዎች ወደ ኋላ ቀሩ።

ከእስር የወጡትንና ቅጣታቸውን ከእስር ውጭ የሚፈጽሙትን በሚከታተለው የወንጀለኞች ክትትል አገልግሎት ላይ ደግሞ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በ2014 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የነበሩት 35 የክትትል ተቋማት ፈረሱ። ዝቅተኛና መካከለኛ ስጋት ያላቸው ጥፋተኞች ክፍያቸው በከፊል በውጤት ለሆነ 21 የክትትል ኩባንያዎች ተሰጡ። የመጣው የጉዳይ ብዛትና ዓይነት ከታሰበው ተለየ፣ የኩባንያዎቹ ገቢ ወደቀ፣ የክትትል ባለሙያዎቹ የያዙት ኬዝ በዛ። አንዳንዶቹ ጥፋተኞችን በስልክ ብቻ ይከታተሉ ነበር። በሰኔ 2021 ሥራው በሙሉ ወደ መንግሥት ተመለሰ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው።

ገንዘቡ ለተገልጋዩ ሲሰጥ

አራተኛው መንገድ ድርጅቱን ዘልሎ ገንዘቡን በተገልጋዩ ስም ያስቀምጣል። አውስትራሊያ በ2013 ያጸደቀችው ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን ሥርዓት ዋናው ምሳሌ ነው። ዛሬ ከ600,000 በላይ ሰዎች የራሳቸው ዕቅድና የራሳቸው በጀት አላቸው። ማን እንዲረዳቸው እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይመርጣሉ። ድሮ ድርጅቱ የሚሰጣቸውን ተቀብለው ዝም ከማለት በቀር ምርጫ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ድል ማሳነስ አይገባም። አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የታገሉለት ነው።

ሠራተኛው ጋ ስንመጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ድርጅቱ የዓመት በጀት ይዞ መቀመጡ ቀረ። አሁን ገቢው ሰዓት በሰዓት ነው። ዋጋውም በመንግሥት የተወሰነ ጣሪያ አለው። በዚያ ዋጋ ውስጥ ሥልጠናም፣ የባለሙያ ቁጥጥርም፣ ስብሰባም፣ መንገድም መካተት አለበት። ስለዚህ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛን በቋሚነት ከመቅጠር በሰዓት መጥራትን መረጡ። ተገልጋዩ ሲፈልግ ሥራ አለ፤ ሳይፈልግ የለም። የተገልጋዩ ነፃነት በሠራተኛው ሰዓት ላይ ተመሠረተ። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፣ ግን በነፃ አይደለም። በሰዓቱ ዋጋ ውስጥ የሥልጠናና የጥበቃ ጊዜ መቆጠር አለበት።

አንድ ዓይነት ሥራ፣ ሁለት ዓይነት ደመወዝ

በየትኛውም አከፋፈል ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ። ለመንግሥት የሚሠራው ማኅበራዊ ሠራተኛ ለድርጅት ከሚሠራው የተሻለ ይከፈለዋል። ዲግሪያቸው አንድ ነው። ኬዛቸው አንድ ነው። አንዳንዴ የሚረዱት ቤተሰብ ራሱ አንድ ነው።

ኒውዚላንድ ይህን በሕግ መንገድ ነው የያዘችው። ማኅበራዊ ሥራ በብዛት የሴቶች ሙያ በመሆኑ ደመወዙ ተጨቁኖ ኖሯል የሚል የእኩል ክፍያ ጥያቄ ተነሳ። በ2018 ኦራንጋ ታማሪኪ በተባለው የመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ተቋም የሚሠሩ ማኅበራዊ ሠራተኞች በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ጭማሪ አገኙ። ደስ የሚል ዜና ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን መርዶ ነበር። በማግስቱ ሠራተኞቻቸው ወደ መንግሥት ለመሄድ ምክንያት አገኙ። ድርጅቶቹ ጭማሪውን እንከፍላለን ቢሉ የመንግሥት ውሉ ገንዘቡን አልያዘም። ጉዳዩ አራት ዓመት ፈጀ። በ2022 በአምስት ድርጅቶች ላይ የቀረበው ጥያቄ ከተቋጨ በኋላ መንግሥት ጭማሪውን ራሱ ሸፍኖ ወደ ሌሎቹም የሚደግፋቸው ድርጅቶች አስፋፋው። የድርጅቶቹ ደመወዝ የሚወሰነው ዞሮ ዞሮ በመንግሥት የውል ዋጋ መሆኑን መንግሥት በተግባር አመነ ማለት ነው።

አፍ መያዝም አለ

ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። መንግሥት ለሚከፍለው ድርጅትም ይህን የሚጠብቁ ባለሥልጣናት አይጠፉም። ማኅበራዊ ሠራተኛ ግን ሙያው ራሱ «ይህ ፖሊሲ ሰው ይጎዳል» ብሎ መናገርን ይጠይቀዋል። ቤት ለቤት እየሄደ የሚያየው እሱ ነው። ድጎማው በየጊዜው በሚታደስ ውል ሲሆን መናገር ይከብዳል። ማንም «ዝም በል» ባይልም የሚቀጥለው ጨረታ ሲመጣ የተናገረ ሰው ራሱን ይጠራጠራል።

አንዳንዴ ደግሞ በግልጽ ይጻፋል። አውስትራሊያ ውስጥ በውሎች ላይ አፍ የሚያስይዙ አንቀጾች በመግባታቸው የፌዴራል ፓርላማው በ2013 በፌዴራል ውሎች ላይ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ብሪታንያ በተቃራኒው በየካቲት 2016 ድጎማ የሚወስዱ ድርጅቶች በገንዘቡ መንግሥትን ለመወትወት እንዳይጠቀሙ የሚከለክል አንቀጽ እንደሚገባ አሳወቀች። ጩኸቱ ሲበዛ በዚያው ዓመት አቁማ እንደገና አየችው።

ሰነዱ እጃችሁ ሲገባ

በድርጅት የምትሠሩ ወይም በቦርድ የምትቀመጡ ከሆነ የማሻሻያ ሰነድ ሲመጣ የመግቢያውን ውብ ቃል እለፉት። «ተለዋዋጭነት»፣ «ቅልጥፍና»፣ «ተገልጋይ ተኮር» የሚሉት ቃላት ሁሉም ሰነድ ላይ አሉ። ወደ ሂሳቡ ሂዱ።

ደመወዙ የተሰላው ዛሬ ባሉት ሰዎች ነው ወይስ በሆነ አማካይ? በአማካይ ከሆነ የሠራተኞቻችሁን የአገልግሎት ዘመን ይዛችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ራሳችሁ አስሉት። አንድ ወረቀትና አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግበት አንቀጽ አለ ወይስ «እንደ በጀቱ ሁኔታ» ይላል? «እንደ በጀቱ ሁኔታ» የሚለውን «አያድግም» ብላችሁ አንብቡት፤ ቢያድግ በረከት ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከሥራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ሦስት ወር ያለ ክፍያ መቆየት ትችላላችሁ ወይ? ውጤት የሚለካው በምንድን ነው? ከባዱን ሰው የተቀበለ ድርጅት በመለኪያው ይቀጣል ወይስ ይካሳል?

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ የውል መቋረጥ አንቀጹን ነው። መንግሥት ውሉን ሳያድስ ቢቀር ለሠራተኞቹ የሚከፈለው የስንብት ክፍያ የማን ዕዳ ነው? ሰነዱ ዝም ካለ ዕዳው የድርጅቱ ነው። ለአሥር ዓመት ያገለገሉ አሥር ሰዎች በአንድ ወር ቢሰናበቱ ያ ክፍያ የድርጅቱን መጠባበቂያ ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። ይህን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። መልሱም በጽሑፍ ይምጣ።